ሆቴል ውስጥ መርዶ አይነገርም

አማቴ መሞቱን የሰማሁት ለንደን ፓዲንግተን፣ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ተሰልፌ ነው። ከፊቴ ባለቤቴ ውብነሽ ፓስፖርታችንን ለእንግዳ ተቀባይዋ እያቀበለች ነበር። የሞተው የእሷ አባት ነው። ስልኬ ጠራ፤ አነሳሁት፤ ወንድሟ መርዕድ ነው፣ ከአዲስ አበባ።

«ደግፌ፣ አጠገብህ ናት?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ፈቀቅ በል።»

ሻንጣ ወደተደረደረበት ጥግ ፈቀቅ አልኩ። ቀኝ ጆሮዬ ስለማይሰማ ስልኩን ግራው ላይ ለጥፌ ጣቴን ቀኙ ውስጥ ከተትኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የድሮ ልማድ ነው።

«አባዬ አረፈ» አለኝ። «ዛሬ እኩለ ቀን ላይ።»

ድምፁ ተሰበረ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ትእዛዙን አወረደው። «እንዳትነግራት! መንገደኛ መርዶ አይነገረውም። ነገ ማታ ለትራንዚት እዚህ ስትደርሱ አባቴን ልየው ብላ ከኤርፖርት ትወጣ የለ? እኔ ተቀብዬ አክስታችን ቤት አሳድራታለሁ፤ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች በወጉ ይነግሯታል። ቀብሩን ለእሷ ብለን አቆይተነዋል፤ ከነገ ወዲያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አንተ ብቻ በሰላም አምጣልኝ።»

«እሺ» አልኩት። በሕይወቴ ብዙ እሺ ብያለሁ፤ እንደዚህኛው ያንገበገበኝ የለም።

ውብነሽ የክፍሉን ካርድ እያወዛወዘች መጣች። «ማን ነው?»

«ዲፖው ነው» አልኳት። አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ ሲጨንቀኝ ሁሉንም ነገር በዲፖው አሳብባለሁ።

«ሆሊደይ ላይ እንኳ አይተዉህም?»

«አይተዉኝም።»

ስለ ሰውየው ልንገራችሁ። የዘጠና ሰባቱ ምርጫ አልፎ ከተማው ሲታመስ አማቴ ሳህሌ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። እኔ ደግሞ የልጁ እጮኛ፤ ሽማግሌ ልኬ፣ እሺ ተብዬ፣ ቀለበት ታስሮልኝ። ፖሊሶች የሰፈሩን ጎረምሳ ሌሊት ሌሊት ሲያፍሱ ስም ዝርዝር ይዘው ነበር የሚዞሩት። የእኔ ስም አለበት፤ ከታች የእሱ ፊርማና ማህተም አለበት። ደዴሳ ካምፕ ሁለት ወር ከምናምን ታጎርኩ። እዚያ የሆነውን አልተርክም፤ የጆሮዬን ነገር ነግሬያችኋለሁ፣ ይበቃል። «ዝርዝሩ ተዘጋጅቶ ነው የመጣልኝ፣ ፈርም ተብዬ ነው» ብሎ በመርዕድ በኩል መልእክት ልኮልኝ ነበር። መርዕድ ተናግሮ ሳይጨርስ ተነስቼ ሄድኩ።

አገሩን ለቅቄ ወጣሁ። ውብነሽ ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተለችኝ። ሂትሮው ኤርፖርት ላይ አቅፌ ሳምኳትና መጀመሪያ የነገርኳት ነገር «የአባትሽ ስም ቤቴ ውስጥ አይነሳም» የሚል ነው። ሌላው ሰው ናፍቆቱን ይናገራል፣ አበባ ይዞ ይመጣል። እኔ ያንን ይዤ መጣሁ። እሷም አላነሳችም። አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ አላነሳችም። ከመርዕድ ጋር እንኳ የምታወራው ኩሽና ገብታ በሩን ዘግታ ነው።

የምንሄደው ሳፋሪ፣ አውሬ የማየት ጉዞ፣ የእሷ ሐሳብ ነው። ኬኒንግተን ያለው ቤታችን ውስጥ የአውሬ ፕሮግራም ሳይታይ የሚያልፍ እሁድ የለም። ሰውየው ቀበሌ ከመግባቱ በፊት አዋሽ ፓርክ ሹፌር ነበር፤ በልጅነቷ ከጎኑ አስቀምጦ ሳላና ከርከሮ እያሳየ ያዞራት ነበር። ይህንን የነገረችኝ ገና ስንተዋወቅ ነው። እዚህ ከመጣች በኋላ አባቷን ትታ አውሬዎቹን ብቻ ማየት ቀጠለች። ታዲያ ዘንድሮ ታንዛኒያ የሚወስድ ጉዞ አገኘችና ቡክ አደረገች። የጉዞው ድርጅት መንገደኞቹን ሰብስቦ መመሪያ ስለሚሰጥ ከበረራው በፊት አንድ ሌሊት መሃል ለንደን ሆቴል ያሳድራል። ለንደን እየኖሩ ለንደን ሆቴል ማደር! ልጃችን ዳናዊት አስራ አራት ዓመቷ ነው፤ ዌምብሊ ጓደኛዋ ቤት ስናደርሳት «ማሚ፣ ፓዲንግተን ኢዝ ኖት ሆሊደይ!» ብላ ስትስቅብን ነበር።

በረራው በአዲስ አበባ ያልፋል፤ እዚያ አስራ ሦስት ሰዓት መቆያ አለ። ውብነሽ ከወር በፊት ልብስ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ «ትራንዚቱ ላይ አባዬን ሄጄ ላየው ነው» አለችኝ። ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በአራተኛው ቀን «እንደፈለግሽ፤ እኔ ግን ከኤርፖርቱ በር አልወጣም» አልኳት። ያኔ ያልኩት ይህንን ነው። አሁን ደግሞ ሥራዬ እሷን ከዚያ በር ማስወጣት ሆነ። ከወጣች አባቷን ትቀብራለች። ካልወጣች እሷ ዝሆን ፎቶ ስታነሳ አፈር ይለብሳል።

ክፍሉ አልጋውን ካልዘለሉ መስኮቱ የማይደረስበት ዓይነት ነው። መስኮቱ ደግሞ ወደ ባቡር ጣቢያው ያያል። ሐምሌ ስለሆነ ፀሐይዋ ገና ጥልቅ አላለችም። ውብነሽ ጫማዋን ሳታወልቅ ሻንጣውን አልጋው ላይ ዘረገፈችው።

«ይኼኛው ይሻላል ወይስ ይኼኛው?» ሁለት ቀሚስ ይዛ ቆመች። «አባዬ ቢጫ ይወድ ነበር። ግን ለአርባ አራት ዓመት ሴት ቢጫ አይበዛም?»

«ጥቁር አልያዝሽም?» አልኩ። አፌን በቆረጠው!

«ጥቁር? ጥቁር ምን ያደርጋል?»

«አይ፣ እድፍ ይችላል ብዬ ነው።»

«ሳፋሪ ላይ ጥቁር አይለበስም ብለዋል እኮ፣ ዝንብ ይስባል። ወረቀቱን አላነበብክም?»

አላነበብኩም። ቢጫውን ለበሰችና መስታወት ፊት ቆመች። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች። እንደገና ሄደች። «አባዬ፣ እንደምን አለህ?» አለች ለመስታወቱ። «አይ፣ እንደ ጎረቤት ሆነ። ዝም ብዬ ገብቼ ጉልበቱን ልሳም? ጉልበቱን ያመዋል ብሏል መርዕድ። ደግፌ፣ ምን ብዬ ልጀምር?»

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት። እውነቱን ልናገር። መርዕድ ሲነግረኝ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ተገላገልኩ አልኩ በልቤ፣ ፊት ለፊት ሳላየው ተገላገልኩ። አሁን ግን ከግድግዳው ወዲያ «አባዬ» የሚለው ድምፅ ሲመላለስ አፈርኩ። ለሰውየው አላለቀስኩም፤ ለእሷ ነው ያለቀስኩት፤ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

ስልኳ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ያኔ አዲስ ስጋት ያዘኝ። የእኛ ሰው ዝም ብሎ አያዝንም፤ ፎቶ ፈልጎ፣ ሻማ ለጥፎ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ፌስቡክ ላይ ያወጣል። አንዱ የሰፈር ልጅ ይህን ጊዜ ለጥፎት ይሆናል።

«ቻርጅ ላድርግልሽ» ብዬ ስልኳን አነሳሁና አጥፍቼ ጃኬቴ ውስጥ ከተትኩት። ቢጫውን እያወለቀች ስለነበር አላየችኝም።

መመሪያ የሚሰጠው እታች ካለው አነስተኛ አዳራሽ ነው። አስራ አራት ሰው ተሰብስቧል፤ አብዛኛው ጡረተኛ ፈረንጅ፣ ኪሱ የማያልቅ ሱሪ ለባሽ። መሪያችን ቤንጃሚን የሚባል አንገቱ በፀሐይ የተጠበሰ ወጣት ነው። ካርታ ሰቅሎ ስለ ወባ መድኃኒት፣ ስለ ሻንጣ ክብደት፣ አንበሳ ፊት ከመኪና ስላለመውረድ ያስረዳል። ውብነሽ እንደ ተማሪ ትጽፋለች። እኔ ወንበሩ ላይ እሾህ ያለ ይመስል እቁነጠነጣለሁ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ማኑሄ ናቸው፤ የእድራችን ሰብሳቢ፣ ኪልበርን የሚኖሩ ሽማግሌ። ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ።

«ደግፌ ልጄ፣ ሰማነው። አይዞህ። እንግዲህ ነገ ጎህ ሳይቀድ ቤታችሁ እንመጣለን። ሴቶቹንም አስጠርቻለሁ። አንተ በሩን ብቻ ክፈትልን።»

«ቤት አይደለንም ጋሽ ማኑሄ። ሆቴል ነን።»

«ሆቴል? ሆቴል ምን ትሠራላችሁ? ካውንስሉ ከቤቱ አስወጣችሁ?»

«አይ፣ ሳፋሪ ልንሄድ ነው።»

«ምን ልትሄዱ?»

«አንበሳ ልናይ።»

ጋሽ ማኑሄ እንደታዘቡኝ ታወቀኝ። «ሆቴል ውስጥ መርዶ አይነገርም» አሉ። «ጎረቤት የላት፣ ፍራሽ የላት። እሪ ብትል ሴኩሪቲ ነው የሚጠሩባት። ለመሆኑ እታች ያለው አዳራሽ ስንት ሰው ይይዛል?»

«እባክዎ ጋሽ ማኑሄ፣ እንዳይመጡብኝ! ወንድሟ አዲስ አበባ ላይ በወጉ ሊያስነግራት ተዘጋጅቷል። ነገ ማታ እዚያ ነን።»

«እንደሱ ከሆነ ጥሩ። በራሷ አገር፣ በራሷ ሰው መሃል ቢሆን ይሻላል። ብቻ አብላት። ከሰማች በኋላ እህል አይወርድላትም። እንዳትወድቅብህ አብላት።»

ተመልሼ ስገባ ቤንጃሚን ስለ አዲስ አበባው መቆያ እየተናገረ ነው። ከኤርፖርት ወጥቶ ለሚቀር ሰው ቡድኑ አይጠብቅም፤ የጠዋቱ አውሮፕላን ካመለጠው በራሱ ሂሳብ መምጣት ነው። ውብነሽ መጻፏን አቁማ ብዕሯን ታኝካለች። ይኼ ልጅ ምን አለ ስለ አንበሳው ብቻ ቢያወራ ብዬ ተቆጣሁ።

ራት ላይ ዓሣና ድንች አዘዝኩላት። እኔ ፊቴ ያለውን አልነካሁትም፤ የእሷን ሳህን ብቻ ነው የማየው። «ብዪ እንጂ።» ሁለት ጊዜ ቆረሰችና ሹካውን አስቀመጠች። «ብዪ!» ከእኔ ሳህን ድንች አንስቼ ጨመርኩላት። ዓሣውን በእጄ ጠቅልዬ አጎረስኳት፣ ፈረንጆቹ እያዩ።

«ምነው ዛሬ ሙሽራ አደረግከኝ?» አለች እየሳቀች። ግን ሳቋ አልቆየም። «ሆዴ ተዘግቷል ደግፌ። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ውስጤ ይንቀዠቀዣል።»

ክፍላችን ስንመለስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከደረስን ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ስትቀመጥ ያየኋት ገና ያኔ ነው። ልብሱን ሁሉ አጣጥፋ መለሰች፤ ቢጫውን ከሥር ከተተችው።

«አልወጣም» አለች።

«ከየት?»

«ከኤርፖርቱ። ሰምተኸው የለ፣ ጠዋት ቢያመልጠኝስ? በዚያ ላይ በሌሊት ሰው ቤት መሄድ...» ቃሏን ዋጠችው። «ምን ያዋሸኛል፣ ፈርቼ ነው። ዓይኑን ሳየው የምለው የለኝም። ስንመለስ አየዋለሁ። ያኔ ልቤም ይረጋጋል።»

ስንመለስ ማለት ከአስር ቀን በኋላ ነው። መርዕድ ኤርፖርት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ሲጠብቁ፣ ሬሳው ሲጠብቅ ታየኝ።

«አይሆንም!» ብዬ ጮህኩ። «ነገ ነው የምታዪው!»

ደንግጣ ቀና አለች። «ምን ሆነሃል?»

«ምንም አልሆንኩም። ያሰብሽውን ነገር አድርጊ ነው የምልሽ። አስር ቀን ብዙ ነው። ሰው ያረጃል፣ ያማል።»

«አንተ ነህ እንዲህ የምትለኝ?» ተነስታ ፊቴ ቆመች። «ስሙን እንዳላነሳ የከለከልከኝ ሰውዬ? ላየው ነው ስልህ ሦስት ቀን ያኮረፍከኝ? የሆነ ነገር አለ ደግፌ። ዛሬ ሙሉ ቀን ልክ አይደለህም። ምንድን ነው?»

ማምለጫ አጣሁ። ያችን ጠባብ ክፍል ዓይኔ ዞራት። እውነቱን ልናገር ብል መርዕድ አለ፣ ጋሽ ማኑሄ አሉ፣ ወጉ አለ። ዝም ልበል ብል አትወጣም። አፌ ላይ የመጣልኝን አነሳሁ።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አልኩ።

አየችኝ። የሰማችውን ያላመነች መሰለች።

«ምን አልክ?»

«አባትሽን። ይቅር ብዬዋለሁ። ለዚህ ነው ሂጂ የምልሽ።»

ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። ውሸት ይሁን እውነት አላውቅም። ብቻ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ሲነቃነቅ ተሰማኝ። ውብነሽ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እንዲህ አቅፋኝ የምታውቀው ልጃችን የተወለደች ቀን ብቻ ነው። እኔም አቀፍኳት፤ ሌባ ነኝ ብዬ እያሰብኩ አቀፍኳት።

«እግዚአብሔር ይስጥህ» አለች ጆሮዬ ሥር። «እግዚአብሔር ይስጥህ ደግፌ። አሁንማ በእግሬም ቢሆን እወጣለሁ።» ከዚያ ለቀቀችኝና ፊቷን በእጇ መዳፍ ጠረገች። «ስልኬ የት አለ? ልደውልለት።»

«አሁን? እዚያ መሽቷል እኮ። ነገ ታገኚው የለም?»

«ይቀስቅሱታ! ለዚህማ ይነሳል። አንተ ራስህ ንገረው። ከአንተ አፍ ይስማው። ጋሽ ሳህሌ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ይህችን ብቻ በለው፤ ሌላ ምንም አትጨምር። ዛሬን በሰላም ይደር። ነገ እኔ ስደርስ ፊቱ በርቶ ይጠብቀኛል።»

«ውብነሽ...»

የእኔን ስልክ ከእጄ ወሰደችና ቁጥሩን መታች። ከየትም አላየችም፤ በቃሏ መታችው። አስራ ሰባት ዓመት ደውላ የማታውቀውን ቁጥር። መጥራት ሲጀምር ግራ ጆሮዬ ላይ ለጠፈችልኝና እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

አንዴ ጠራ። ሁለቴ ጠራ። በሦስተኛው ተነሳ። መጀመሪያ የሰማሁት የሴቶች ለቅሶ ነው፤ ከዚያ የመርዕድ የሰለለ ድምፅ። «ደግፌ? ምነው በአባዬ ቁጥር? ነገርካት እንዴ?»

ዘጋሁት።

«ለምን ዘጋኸው? ማን አነሳው?»

«ቁጭ በይ።»

አልተቀመጠችም። የእኛ ሰው በዚያ ድምፅ ቁጭ በይ ሲባል ምን እንደሚከተል ያውቃል። የያዘችውን እጄን ለቀቀችው።

«አባትሽ አርፈዋል» አልኳት።

እሪ ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም። ከኋላዋ በመስኮቱ የሚታየው ሰማይ እየመሸ፣ ቆማ ቀረች። እታች ባቡር ገባ፤ ሰው ሲወርድ፣ ሻንጣ ሲጎተት ይሰማል።

«መቼ?» አለች።

«ዛሬ። እኩለ ቀን ላይ። ቀብሩ አንቺን ይጠብቃል፣ ከነገ ወዲያ ነው።»

«አንተ መቼ ሰማህ?»

«ሪሴፕሽን ላይ። አንቺ ካርዱን ስትቀበዪ።»

ጭንቅላቷን ቀስ ብላ ነቀነቀች። ሐሳቧ ወደ ኋላ ሲሄድ ይታየኝ ነበር፤ ቀሚሱ፣ መስታወቱ፣ ዓሣው።

«ስለዚህ ይቅር ያልከው ከሞተ በኋላ ነው» አለች።

መርዕድ ነው እንዳትነግራት ያለኝ፣ ወጉ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ናቸው ልላት እችል ነበር። ሁሉም እውነት ነው። አንዱም ግን የጠየቀችኝን አይመልስም።

«እኔ እኮ ድሮ ነው ይቅር ያልኩት» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ዳናዊትን የወለድኩ ቀን። መርዕድን ቁጥሩን ጠይቄ ያጠናሁት ያኔ ነው። አንተን ነበር የምጠብቀው። አንድ ቀን ደውዪለት እስክትለኝ ነበር የምጠብቀው።»

ከዚያ አልጋውና ግድግዳው መሃል ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ልይዛት እጄን ስዘረጋ በእጇ መለሰችው።

«አንተ ተወኝ» አለች። «መርዕድን ጥራልኝ።»

ስልኩን ሰጠኋትና ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። ለቅሶዋን የሰማሁት በሩን ከዘጋሁት በኋላ ነው።